ስም ሳይጠሩ፦ የአንድ የጀርመን ፖለቲካዊ ካባሬት ጉዳይ

ጃንዋሪ 5፣ 1937። ኒውዮርክ፣ 42ኛው ጎዳና። ቻኒን በሚባለው ሕንፃ 50ኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ ትንሽ ቲያትር ቤት ከአውሮፓ የመጣ የካባሬት ቡድን መድረክ ላይ ወጣ። ቡድኑ ጀማሪ አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ ብቻ 1,034 ጊዜ ተጫውቷል። አዳራሽ ሞልቷል፣ ዱላ አስነስቷል፣ ሕግ አስወጥቷል። ኒውዮርክ ላይ ግን ዱላም አልተነሳ፣ ሕግም አልወጣ። ሰው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ አበቃ፣ ቡድኑም ተበተነ።

ሥራው ያው ነበር። ዋና ዋናዎቹ ሰዎችም እነዚያው። ታዲያ ምን ጎደለ? ቅኔ ለማያውቅ ሰው ቅኔ ለማስረዳት የሞከረ ሁሉ መልሱን በከፊል ያውቀዋል። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የቡድኑን ሰዎች በስም አልጠራም። ስማቸው ምሥጢር ስለሆነ አይደለም፤ የጀርመንን ሥነ ጽሑፍ ትንሽ የቀመሰ ሰው ገና ከመጀመሪያው ያውቃቸዋል። ግን ቡድኑ ራሱ ያን ሁሉ ዓመት ሂትለርን በስሙ ሳይጠራ ነው ቆዳውን ሲገፍ የኖረው። እኔም በእነሱ ወግ ልሂድ ብዬ ነው። ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ካባሬት ሲባል የሌሊት ጭፈራ ቤት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ጀርመኖች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ትንሽ መድረክ፣ አንድ ፒያኖ፣ አጫጭር ዘፈኖችና ጭውውቶች፣ በመካከላቸው ብቅ እያለ ከተመልካች ጋር የሚያወጋ መድረክ መሪ። ዋናው ሸቀጥ ሽሙጥ ነው። የሚሸሞጠው ሹሙ፣ ወታደሩ፣ ባለሀብቱ፣ አንዳንዴም እዚያው ቁጭ ብሎ መጠጡን የሚጎነጨው ተመልካች ነው።

የቡድናችን መሥራች የ27 ዓመት ሴት ነበረች። ሙያዋ ተዋናይነት ነው። አባቷ በ1929 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ ደራሲ ነው። በ1931 ከአንድ ጓደኛዋ ጋር በአውሮፓ ዙሪያ 10,000 ኪሎ ሜትር የመኪና ውድድር ነድታ አሸንፋለች። ወጣትነቷን ስታዩት ፖለቲካ የሚሸት ነገር ብዙም የለበትም። ፖለቲካው ራሱ ነው ፈልጎ ያገኛት።

በጃንዋሪ 1932 ሙኒክ ውስጥ ሴቶች የጠሩት የሰላም ስብሰባ ነበር። እሷ እንግዳ ሆና ጽሑፍ አነበበች። የናዚ ጎረምሶች ገብተው በጠበጡ። በማግስቱ የፓርቲው ጋዜጦች ስድብ አወረዱባት። ቀጥሎ አንድ ቲያትር ቤት እነሱን ፈርቶ የሰጣትን ሥራ ነጠቃት። ከሰሰች፣ ረታችም። ሥራው ግን አልተመለሰም። ፍርድ ቤት የሚረታ ሰው ከመድረክ እንደሚባረር ያየችው ያኔ ነው።

ከዚያ የራሷን መድረክ ለማቆም ወሰነች። አብረዋት የተነሱት ደራሲ ወንድሟ፣ ዜማ የሚሠራ አንድ ፒያኖ ተጫዋች፣ እንዲሁም በሙኒክ ካመርሽፒለ ቲያትር ስሟ የገነነ አንዲት አይሁዳዊት ተዋናይ ናቸው። መክፈቻው ጃንዋሪ 1፣ 1933 ሙኒክ ውስጥ ቦንቦኒየር በምትባል ትንሽ ቤት ሆነ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራመድ ሲሉ ሆፍብሮይሃውስ የሚባለው ትልቁ ቢራ ቤት አለ። ሂትለር በፌብሩዋሪ 1920 የፓርቲውን 25 ነጥብ ያነበበው እዚያ ነው። ጎረቤት አይመረጥም።

የስሙ ነገር ደስ ይላል። እራት ላይ ስም ሲፈለግ አባትየው ገበታው ላይ ወደ ቆመችው የቁንዶ በርበሬ መፍጫ እያመለከቱ «እሷስ?» አሉ ይባላል። ፕፈፈርሙለ፣ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ፣ ሆኖ ቀረ። እኛ «በርበሬ» ስንል ቀዩ ስለሚመጣብን ለትርጉሙ ጠንቀቅ ማለት ደግ ነው። ይቺ መፍጫ ዓይን አታስለቅስም፤ ምግቡ ላይ በስሱ የምትነሰነስ ናት። ለቡድኑ አሠራር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ቤቱ በየምሽቱ ይሞላ ነበር። ጃንዋሪ 30 ሂትለር ቻንስለር ሆነ። እነሱ ግን አዲስ ፕሮግራም አዘጋጅተው በፌብሩዋሪም ቀጠሉ። እንዲያውም ለአፕሪል ሰፋ ያለ አዳራሽ ለመግባት እያሰቡ ነበር። ፌብሩዋሪ 27 በርሊን ውስጥ የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ። ማርች 9 ናዚዎች የባቫሪያን ግዛት ያዙ። የቤተሰቡ ሹፌር ለካ ለፓርቲው ወሬ አቀባይ ኖሯል። ቢሆንም እህትና ወንድም ከጉዞ ሲመለሱ እንዳይታዩ ያስጠነቀቃቸው እሱ ነው። እንግዲህ ሰው እንዲህ ነው። ማርች 13 ላይ ሁለቱም ከሙኒክ ወጡ። ዋናዋ ተዋናይም በዚያው ሰሞን ድንበር ተሻገረች። ካባሬቱ አገሩ ላይ የኖረው ሁለት ወር ብቻ ሆነ።

ችግሩ

በስደት መድረኩን እንደገና ለማቆም ስዊዘርላንድን መረጡ። ዙሪክ ጀርመንኛ ተናጋሪ ናት። ተመልካች አለ፣ ድንበሩም ቅርብ ነው።

ግን ስዊዘርላንድ ገለልተኛ አገር ናት። የውጭ ዜጋ ፖለቲካ እንዲሠራ አትፈቅድም። ደግሞ ጊዜው የሥራ አጥነት ነበር፤ የውጭ አርቲስት የአገሬውን እንጀራ እንዳይነካ የውጭ ዜጎች ፖሊስ ለእያንዳንዱ ፈቃድ ይጠይቃል። ከበላይ ደግሞ የጀርመን ቆንስላ አለ። ተቀምጦ ይሰማል፣ ይጽፋል፣ አቤት ይላል።

ስለዚህ ምርጫው ጠባብ ነበር። ስለ ጀርመን በግልጽ ከተናገሩ ይባረራሉ። ዝም ካሉ ደግሞ ምን ሊሠሩ ተሰደዱ? በዚህ ላይ ወደ ኋላ የቀረ ቤተሰብ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ንብረት አለ። አባትየው ራሳቸው በስደት ላይ ቢሆኑም በአገዛዙ ላይ ገና በይፋ አልተናገሩም፤ መጽሐፋቸው ጀርመን ውስጥ እየታተመ ነበር። ልጅ መድረክ ላይ የምትለው ነገር አባት ላይ ይቆጠራል።

የተወሰደው እርምጃ፦ ተረት

በሴፕቴምበር 1933 መጨረሻ ላይ በዙሪክ አሮጌው ከተማ፣ ኒደርዶርፍ በሚባለው ሰፈር፣ ሂርሽን የተባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከፈቱ። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ስም አይጠራም። የሂትለር ስም የለም። የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ የጎብልስ ስም የለም። ጀርመን የሚለው ቃል እንኳ አይነሳም። ሁሉም ነገር በተረት፣ በሕፃን ዘፈን፣ በምሳሌ ይነገራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

ማንኛውም የጀርመን ልጅ በሕፃንነቱ የሰማው የዓሣ አጥማጁ ሚስት ተረት አለ። ባል አስማተኛ ዓሣ ይይዝና ይለቀዋል። ሚስት ከዓሣው ቤት ትጠይቃለች፣ ታገኛለች። ቤተ መንግሥት ትጠይቃለች፣ ታገኛለች። ንጉሥ ልሁን፣ ቄሳር ልሁን፣ ጳጳስ ልሁን ትላለች፣ ትሆናለች። በመጨረሻ እግዚአብሔር ልሁን ስትል ወደ ደሳሳ ጎጆዋ ትመለሳለች። ዋናዋ ተዋናይ ይህቺን ሴት ሆና ወጣች። ከተረቱ የጨመሩት ነገር ጥቂት ነው። በ1933 ያን ተረት የሚሰማ ሰው ግን በየወሩ አዲስ ሥልጣን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ያውቃል።

መሥራቿ ራሷ ጥቁር የደንብ ልብስ መሳይ ለብሳ፣ ረጅም ቡት ተጫምታ የሐሰት አገር ልዑል ሆና ትወጣ ነበር። ልዑሉ በውሸቱ ይኩራራል፤ በእሱ አገር እውነት የሚናገር ይቀጣል። የትኛው አገር ነው? አልተባለም። ቡቱ ግን ይናገራል። ሌላ ጊዜ ድንቁርና ራሷ ሰው ሆና ትመጣና ስለ ሥልጣኗ ትፎክራለች። ደግሞ ወርቁን በፈረስ፣ ፈረሱን በላም እየለወጠ ባዶ እጁን የሚቀረው የዕድለኛው ሐንስ ተረት አለ፤ እሱን ወስደው አገር አልባ ስደተኛ አደረጉት።

ለእኔ ከሁሉ የምትበልጥብኝ ወይዘሮ ኤክስ ናት። ስም የላትም። ተራ ባለሱቅ ናት። ትንሽ ትዋሻለች፣ ማን የማይዋሽ አለ? ጎረቤት ላይ የሚደርሰው አይመለከታትም። ፖለቲካ አትወድም። እንዲህ እንዲህ እያለች ጦርነት ደጇ ድረስ ይመጣል። ይህ ሽሙጥ የተወረወረው በርሊን ላይ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ በሰላም ለተቀመጠው የዙሪክ ሰው ነው። ሌላውን ሲሸሙጡ መሳቅ ቀላል ነው፤ እዚህ ጋ ግን የሳቀው ሰው ሳቁን በግማሽ ያቆመዋል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህን አሠራር ማስረዳት አያስቸግርም። ሰሙ ተረት ነው፣ ወርቁ አገዛዙ። እንዲያውም ኅብረ ቃሉ ጎልቶ ስለማይታይ ወደ ውስጠ ወይራ ይጠጋል። ባለሥልጣን መጥቶ «ምን አልሽ?» ቢላት «ተረት» ትላለች። የቆንስላው ሰው «ይህ መሪያችንን መስደብ ነው» ብሎ ሲያመለክት፣ ያ ስግብግብ፣ ያ ውሸታም የእኔ መሪ ነው ብሎ በራሱ እጅ መፈረሙ ነው። ጎበዝ ወጥመድ ነው።

ያው ዘዴ በርሊን ውስጥ

ለንጽጽር አገር ቤት የቀረውን እንይ። በርሊን ውስጥ ካታኮምበ የተባለ ካባሬት ከ1929 ጀምሮ ነበረ። መድረክ መሪው አልተሰደደም። እሱም በአሽሙር ነው የሚሠራው፤ እንዲያውም ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መሃል ላይ ያቆመዋል። የቀረውን ተመልካቹ በልቡ ይሞላል፣ እሱ ላይ የሚመሰከር ቃል ግን የለም። አንድ ምሽት ተቀምጦ ንግግሩን የሚጽፍ ሰላይ ሲያይ «እየተከተሉኝ ነው? ወይስ እኔ ልከተልዎት?» አለው ይባላል። በጀርመንኛውም ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው፤ በአማርኛ እንዲህ ልክክ ማለቱ ገርሞኛል።

ይህ ቤት በሂትለር ዘመን ሁለት ዓመት ከምናምን ቆየ። ሜይ 10፣ 1935 በጎብልስ ትእዛዝ ተዘጋ። መድረክ መሪው ኤስተርቬገን ወደተባለው ማጎሪያ ተወስዶ ስድስት ሳምንት ያህል ታሰረ። አሽሙር ጊዜ ይገዛል። ዋስትና ግን አይሆንም።

ግርግሩ

ወደ ዙሪክ እንመለስ። የመጀመሪያው ዓመት በጥሩ ሁኔታ አለፈ። ቡድኑ በስዊስ ከተሞች ዞረ፤ ቀስ በቀስ ወደ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየም፣ ሉክሰምበርግና ቼኮስሎቫኪያም ተሻገረ።

በኖቬምበር 1934 ግን ነገሩ ፈነዳ። ስዊዘርላንድ የራሷ የናዚ አድናቂዎች ነበሯት፤ ፍሮንቲስቶች ይባላሉ። ተደራጅተው ትኬት ቆርጠው ገቡ። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ፉጨት፣ ፀረ አይሁድ መፈክር፣ የወንበር ውርወራ፣ ድብድብ ሆነ። ከረባሾቹ መካከል አንድ የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ነበር። ይኸው ሰው ከ35 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1970 የውጭ ዜጎችን ቁጥር ለመገደብ በስሙ የሚታወቀውን ሕዝበ ውሳኔ ያመጣው ፖለቲከኛ ሆነ። ሐሳቡ በ54 ከመቶ ድምፅ ወደቀ። ከካባሬቱ ጋር በቀጥታ አይያያዝም፤ ግን ዝም ብዬ ልለፈው አልቻልኩም።

ቡድኑ አልቆመም። በፖሊስ ጥበቃ ተጫወተ። ተመልካቹም መምጣቱን አልተወም። ለአንዳንዱ እንዲያውም ትኬት መቁረጥ ራሱ አቋም መግለጫ ሆነ።

የጎዳቸው ዱላው ሳይሆን ከዱላው በኋላ የመጣው ወረቀት ነው። የዙሪክ ካንቶን፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር፣ ከ1935 ጀምሮ ለውጭ አገር ፖለቲካዊ ካባሬት ፈቃድ ላለመስጠት ወሰነ። ሕዝቡ ውሳኔውን «የፕፈፈርሙለ ሕግ» ብሎ ሰየመው። ልብ በሉ፤ የረበሹት ሌሎች፣ የተከለከሉት እነሱ። ባለሥልጣኑ ግን የሚያነሳው ምክንያት አለው፦ «ፀጥታ ይደፈርሳል»። ሁከት አስነስቶ ሌላውን ማስከልከል አዲስ ዘዴ አይደለም፣ አሁንም አላረጀም።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ተከስቷል። በሜይ 1934 እዚያው ሂርሽን ውስጥ ኮርኒሾን የተባለ የስዊሶች የራሳቸው ካባሬት ተከፍቷል። ትርጉሙ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈች ትንሽ ኪያር ማለት ነው። ከቁንዶ በርበሬ ቀጥሎ ኪያር፤ ገበታው እየሞላ ሄደ። ኮርኒሾን ጀርመኖቹ ካሳዩት ብዙ ነገር ወስዷል። የጀርመንና የጣሊያን ኤምባሲዎች በእሱም ላይ አቤት ብለዋል። ግን አባላቱ ዜጎች ናቸው፤ «የውጭ» ተብለው አይከለከሉም። እስከ 1951 ቆየ።

ፓስፖርት

በጁን 1935 የጀርመን መንግሥት የመሥራቿን ዜግነት ገፈፈ። ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው ካባሬቱ ነው። ስም ያልጠራችው ሴት በስሟ ተጠራች ማለት ነው።

አገር አልባ ሰው ድንበር እየተሻገረ ቡድን መምራት አይችልም። መፍትሔው ጋብቻ ሆነ። መጀመሪያ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ተጠየቀ፤ እሱ አልሆነለትም። ለጓደኛው ለገጣሚው ነገረው፤ ገጣሚው ወዲያው እሺ አለ። ጁን 15 እንግሊዝ አገር ውስጥ ተጋቡ። አብሮ የመኖር ሐሳብ ከሁለቱም ወገን አልነበረም፤ እሱ ወንዶችን የሚያፈቅር ሰው ነበር፣ እሷም ታውቃለች። እሷ የብሪታንያ ፓስፖርት ያዘች። በ1936 ዋናዋ ተዋናይም በተመሳሳይ መንገድ ሌላ እንግሊዛዊ ደራሲ አግብታ ወረቀቷን አስተካከለች።

የአባትየው ጉዳይም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ለየለት። ልጅ አባቷን በደብዳቤ አጥብቃ ሞገተች። «ዝምታህ እኛን ይጎዳል» የሚል ነው መንፈሱ። ፌብሩዋሪ 3፣ 1936 አባትየው በዙሪክ ትልቅ ጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ አውጥተው ከአገዛዙ ጋር መለያየታቸውን አሳወቁ። በዓመቱ መጨረሻ የእሳቸውም ዜግነት ተገፈፈ። ካባሬቱ ካስገኛቸው ውጤቶች አንዱ ይህ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ በየምሽቱ መድረክ ላይ ቆማ አባት ቤት መቀመጥ እየከበደ መሄዱ አይቀርም።

ኒውዮርክ

እስከ 1936 በጋ አውሮፓ ጠበበች። ዙሪክ ዝግ ናት፤ ሌሎቹም አገሮች የጀርመንን ፊት እያዩ ፈቃድ ማጥበቅ ጀምረዋል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ።

ጽሑፎቹ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎሙ። ስሙም ተተርጎመ። መክፈቻው ከላይ እንዳልኩት ጃንዋሪ 5 ሆነ። አልሄደም። ቡድኑ ከሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ ወርዶ ስደተኛ ምሁራንን ወደሚያስተናግደው፣ ኒው ስኩል ወደተባለው ትምህርት ቤት ተዛወረ። እዚያም ብዙ አልቆየም።

አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ምክንያት ቋንቋ ነው። እውነት አለው። ዋናዋ ተዋናይ እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር። ጀርመንኛዋን በአንድ ቅንድብ አነሳስ ብቻ መርዝ የምታደርግ ሴት፣ በማታውቀው ቋንቋ ቃል በቃል የሸመደደችውን ስታወጣ ማየት የሚያሳዝን ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ግን ቋንቋው ግማሹ ብቻ ይመስለኛል። ቢተረጎምም የማይሻገር ነገር ነበር። አሜሪካኑ የዓሣ አጥማጁን ሚስት ተረት ከእናቱ አፍ አልሰማም፤ ስለዚህ የት ጋ እንደተጣመመ አያውቅም። ካባሬት የሚባለውንም አያውቅም። የሚያውቀው የብሮድዌይን ትርኢት ነው፣ ብዙ ጭፈራ፣ ብዙ መብራት። ከሁሉ በላይ ግን ፍርሃቱ የለውም። ዙሪክ ውስጥ አንድ ሰው ስለ ሐሰት አገር ልዑል ሲዘፈን አጠገቡ ያለውን ሰው በጎን ያያል፤ ሰላይ ይሁን ወይስ እንደ እሱ ያለ ሰው? ወርቁን የሚያግለው ያ ጎን ለጎን መተያየት ነው። ኒውዮርክ ላይ ሂትለርን በጠራራ ፀሐይ በስሙ መሳደብ ይቻላል። ታዲያ የሚቻለውን ነገር ለምን በተረት ትነግሩኛላችሁ? ተመልካቹ ቢል ትክክል ነው።

የሠራውና ያልሠራው

አለመጥራቱ ሠርቷል። ሥራ ፈቃድ በየጊዜው በሚታደስበት አገር፣ የቆንስላ ዓይን ሥር፣ ከአንድ ሺህ በላይ ምሽት መቆም ቀላል አይደለም። ሠራ የምለው ግን በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቋንቋ ነው።

የልጅ ተረት መምረጣቸውም ሠርቷል። ሳንሱር የሚያደርገው ሰውዬም ያደገበት ነው፤ ተረት መከልከል ያሳፍረዋል።

ወረቀት ላይ ግን ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የደረሱት። ዜግነት ሊገፈፍ ሲል ነው ባል የተፈለገው። የሚዞር ቡድን የሚሄደው በጣም ደካማ ፓስፖርት የያዘው አባል እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያውኑ ቁጭ ብለው ቢቆጥሩት ኖሮ ብዙ ሩጫ ይቀርላቸው ነበር። አውቃለሁ፣ ለእኔ ዛሬ ተቀምጦ ማለት ቀላል ነው።

ሌላው፣ ሁሉም ነገር በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ነበር። ከጽሑፎቹ አብዛኛውን የጻፈችው እሷ ናት። መድረክ መሪዋ እሷ። አዳራሽ የምትከራይ፣ ፈቃድ የምትጠይቅ፣ ከፖሊስ ጋር የምትነጋገር እሷ። ይህ ቡድኑን አንድ ልብ አድርጎታል፤ መድረኩ ላይ ሁለት ዓይነት ድምፅ አይሰማም። ግን እሷ ፊቷን ወደ ሌላ ያዞረች ዕለት የሚረከብ ሰው አልነበረም። አይ፣ አንድ ወራሽ ነበር፤ ከቤት ውጭ ነው እንጂ። ኮርኒሾን። በባዕድ አገር ለሚሠራ ማንኛውም ስብስብ፣ የስደተኛ ማኅበርም ሆነ ጋዜጣ፣ እንግዳው የማይችለውን ባለቤቱ ይችላልና ቶሎ ባለአገር ወዳጅ ማበጀት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ፕፈፈርሙለ ይህን አስቦ አላደረገውም፤ እንዲያው ሆነለት።

ስለ አሽሙር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ወርቁ ያለው ተናጋሪው ዘንድ አይደለም፣ ሰሚው ዘንድ ነው። ሰሚው ግማሹን ይዞ ካልመጣ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሰም ብቻ ያስረክባል። ስለዚህ ሥራን ወደ አዲስ አገር የሚያሻግር ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ቃሉ ምን ተብሎ ይተረጎማል?» አይመስለኝም። «እነዚህ ሰዎች ምን ይፈራሉ? ምንስ ያውቃሉ?» ነው።

ከዚያ በኋላ

መሥራቿ ይህ የገባት ይመስላል። ኒውዮርክ ላይ ካባሬቱን ዘግታ ካባሬት ሌላ አልከፈተችም። እንግሊዝኛዋን አሻሽላ በአሜሪካ ከተሞች እየዞረች ንግግር ማድረግ ጀመረች። ያለ ተረት፣ ያለ ፒያኖ። ሂትለርን ሂትለር፣ ጎብልስን ጎብልስ እያለች። አዳራሾቹ ሞሉ። በ1938 የናዚ ትምህርት ቤቶች ሕፃናቱን ምን እንደሚያደርጓቸው የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣች። በጦርነቱ ጊዜ በቢቢሲ ወደ ጀርመን በጀርመንኛ ተናገረች፤ የጦር ጋዜጠኛ ሆነች፤ በኑርንበርግ ችሎት ላይም ተቀምጣ ዘገበች።

የቡድኑ ዳንሰኛ አሜሪካ ቀረች። የካባሬቱ ስምም በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ብሏል፤ ከ1954 ጀምሮ ላይፕሲግ ውስጥ ፕፈፈርሙለ የሚባል ካባሬት አለ። ቡድኑ ግን ሌላ ነው፣ ታሪኩም ሌላ።

ዋናዋ ተዋናይ በ1937 ወደ ዙሪክ ተመልሳ ሻውሽፒልሃውስ ቲያትር ገባች። በአፕሪል 1941፣ አውሮፓ በሙሉ በጦርነት ስትነድ፣ እዚያ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ አንድ ድራማ ውስጥ ዋናውን ቦታ ያዘች። ደራሲው ራሱ ስደተኛ ነው፤ ያኔ ፊንላንድ ውስጥ ቪዛ ይጠብቅ ነበር። እሷ የተጫወተችው ጋሪ እየጎተተች ለወታደሮች የምትሸጥ፣ በጦርነቱ እየነገደች ልጆቿን አንድ በአንድ የምታጣ ነጋዴ ሴት ነው። ያቺ ባለሱቅ ወይዘሮ ኤክስ ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ ሱቋን የከፈተችው በእሷው ድምፅ ነበር።